የጋሼ ጠመንጃ እና የእኔ ማብራሪያ

ሰው ሳይጠይቀኝ የማስረዳት ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። መምህርት ስሆን ልማዱ ሥራ ሆነና ማንም የሚቆጣኝ ጠፋ።

ያን ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምኖረው በዚህ በስደት አገር፣ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ አዛውንት ባልና ሚስት ቤት የጓሮውን ክፍል ተከራይቼ ነው። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ። የትምህርት ዕቅዶቼን በየቀለማቸው ለይቼ በፋይል ስደረድር እትዬ በመስኮት ያዩኝና፣ መደርደሪያቸውን የቅመም ብልቃጥ ሞልቶት ሳለ እኔ ወረቀት ማስተካከሌ እንደሚያሳዝናቸው ይነግሩኛል።

ጋሼ ጠመንጃ ነበራቸው። ፈቃድ ያለው፣ ብረት ካዝና ውስጥ የሚቆለፍ፣ ቁልፉን ከእሳቸው በቀር ማንም የማይነካው። እዚህ አገር እንደመጡ ለብዙ ዓመታት ከአንድ የበግ አርቢ ዘንድ ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አንድ ሰዓት ተኩል ነድተው እዚያው ይሄዳሉ፤ ግልገል የሚበሉትን ቀበሮዎች ለመግደል። አርቢው አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ ተኩሱን ለጋሼ ትቶላቸዋል። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ ሽማግሌዎች በመኪናው ኋላ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ብዙም አያወሩም አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞቻቸው፣ "አንበሳ ገዳይ ሲፎክር ሰምተናል፤ ቀበሮ ገዳይ ምን ብሎ ይፎክራል?" እያሉ ያሾፉባቸዋል። ጋሼ ደስ ይላቸዋል።

ችግሩ ጆሯቸው ነበር። በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ አንድ ጣት የምታህል፣ ጎንና ጎኗ የተበሳ ብረት አለች። ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ምት ታበርዳለች፤ በምትኩ ጩኸቱን ወደ ጎንና ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ትመልሰዋለች። የጆሮ መከላከያ አድርገውም ቢሆን የጋሼ ግራ ጆሮ ሄዷል። የጆሮ ሐኪማቸው ቀኙም እየተከተለው መሆኑን ነገረቻቸው። እትዬ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ወይ ያቺ ብረት ትወልቃለች፣ ወይ ጠመንጃው ከቤት ይወጣል።

ጋሼ አልተከራከሩም። ፈቃድ ካለው የጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ቀጠሮ ቡክ አደረጉ። ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር።

እራት ላይ ይህን ሲነግሩኝ ግን እኔ በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ያሳየሁት ሙከራ ትዝ አለኝ። የብረት ኳስ አለ፣ የብረት ቀለበት አለ። ኳሱ በቀለበቱ አያልፍም። ቀለበቱን በእሳት ሲያግሉት ይሰፋና ኳሱ ሾልኮ ይወድቃል። ልጆቹ አጨብጭበውልኝ ነበር። ለጋሼ በናፕኪን ላይ ሥዕል ሠርቼ አስረዳኋቸው፤ የውጪው ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይላላል፣ ሲላላ ይዞራል። ለዚህ ሲባል ጠጋኝ ጋ መሄድ አያስፈልግም አልኩ። ጋሼ ናፕኪኑን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ ቀጠሮውን መሰረዛቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ስለ ጠመንጃ ምንም ከማላውቀው ከእኔ ይልቅ ጠጋኙን ያምኑ ነበር። ግን መምህርት ደክማ አስረድታ ሌላ ሰው ጋ መሄድ ንቀት መሰላቸው። ይሉኝታ ያዛቸው።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጋራዡን ከፍተው፣ የጠመንጃውን በርሜል፣ ቱቦውን፣ በጨርቅ ጠቅልለው የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አስረው ጠበቁኝ። እኔ ጠመንጃውን አልነካሁም። የኔ ድርሻ ማስረዳት ነበር፤ እሱንም ጮክ ብዬ፣ ለቀኝ ጆሯቸው። ከመጀመራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ብረቷን ከሥር አዩና በጣታቸው አንዲት ለስላሳ ነጥብ ነኩ።

"ይቺ ነጥብ ምንድን ናት ልጄ?"

አላውቅም ነበር። "አላውቅም" ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። የተማሪዎቼን ጥያቄ ግን ሳልመልስ አልፌ አላውቅም፤ ጋሼም በተማሪ ዓይን ነበር የሚያዩኝ።

"ምንም አይደለችም፤ የፋብሪካ ምልክት ናት" አልኳቸው።

አጋሏት። በቧንቧ መፍቻ ያዟት። አልዞረችም። እንደገና እንዲያግሉ ነገርኳቸው፤ በደንብ ስላልሰፋች ነው ብዬ። በሦስተኛው ሙሉ ክብደታቸውን ሲጥሉባት መፍቻው ተንሸራተተና ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ተሰማ። የበርሜሉ ጫፍ ከግለቱ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ በጎኑም ስንጥቅ ታየ። ጋሼ መፍቻውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ይብቃን" አሉ።

ጠጋኙ ጋ ያኔ ሄድን። ጋሼ ሱቁ ውስጥ ባለው የማሽን ጩኸት ላይ የሰውየው አነጋገር ስለማይገባቸው እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሰውየው ጠመንጃውን ገልብጦ ወዲያው ጣቱን ያቺ ነጥብ ላይ አኖረ። ከሥሯ ብረቷን ከበርሜሉ ጋር የሚያያይዝ ፒን መኖሩን፣ በላዩም መበየዱን ነገረን። ብረቷ የታሰረችው እንዳትወልቅ ተብሎ ነው። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ስለገባ በዚህ በርሜል መተኮስ አይቻልም፤ ለዚህ አሮጌ ሞዴል ደግሞ ሌላ በርሜል አይገኝም። ሁሉን ለጋሼ ተረጎምኩ። ከዚያ ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ ይህን በእሳት አግሉት ያላቸው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። በቀኝ ጆሯቸው ተጠግተው ሰሙኝና ዓይኔን ሳያዩ፣

"ራሴ ነኝ በይው" አሉኝ።

አልኩት። በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ሳልንተባተብ፣ ራሳቸው ናቸው ያደረጉት አልኩ። ሰውየው እንደ ልጅ ገሠጻቸው፤ በዚህ ዕድሜ እንዴት አያስተውሉም፣ ዓይንዎን ሊያጠፉ ይችሉ ነበር እያለ። ያንንም እያንዳንዱን ቃል ተረጎምኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። ለእኔ የሚገባውን ግሣጼ ሁሉ ተቀበሉልኝ።

ጠመንጃው ለፖሊስ ተሰጠ፤ ጋሼም ሌላ አልገዙም። የባዶው ካዝና በር ክፍት ሆኖ ከረመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እትዬ ታሪኩን ያወሩታል፤ ሽማግሌው በእልኩ መሣሪያውን አቃጠለ እያሉ። ጋሼ አብረው ይስቃሉ፤ እኔ አፌን ልከፍት ስል በቅንድባቸው ዝም ያሰኙኛል። ከወራት በኋላ አላስቻለኝምና እትዬን ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን አግኝቼ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው።

ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉ። "ያን ቀን ስታስረጂው ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። እሱ ከሸፈነልሽ እኔ ምን ብዬ ልግለጠው?"

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። ቅዳሜዎቹ ግን አልተመለሱም። የጋሼ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ ትውላለች። በግ አርቢው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ጋሼ ጉንፋን ይዞኛል አሉት። አንድ ቅዳሜ በራሴ መኪና ልውሰድዎት፣ ሻይ ብቻ ጠጥተው ይመለሳሉ ብዬ ለመንኳቸው።

"ባዶ እጄን ምን ልሠራ መጣሁ እለዋለሁ?" አሉኝ።

ሐኪሟ በቅርቡ የጻፈችውን ወረቀት አይቼ ነበርና፣ ቀኝ ጆሯቸው አለመባሱን ልጠቅስላቸው ፈለግሁ። ተውኩት። ትንሽ ቆይተው ከመኪናቸው የጆሮ መከላከያውን አውጥተው ሰጡኝ፤ እሳቸው እንግዲህ አያስፈልጋቸውም፣ ለተማሪዎቼ ስለ ድምፅ ሳስተምር ይጠቅመኛል አሉ። ተቀበልኩ። ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከኳሱና ከቀለበቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ስለ ድምፅ ሁለት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ እስካሁን ግን አላወጣሁትም።