የወይዘሮ ዘሀራ ጦም

ከሚሴ በጤና መኮንንነት ሥራ የጀመርሁት በሃምሳዎቹ ነው፤ ዓመቱን በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። የመጀመሪያው ቀን በሽተኛዬ ግን አይጠፉኝም። የእህል ነጋዴዋን ወይዘሮ ዘሀራን፣ ከውፍረታቸው የተነሣ፣ ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። አንጀታቸው በእንብርታቸው በኩል ከቆዳ ሥር ወጥቶ ሕፃን የታቀፉ ያስመስላቸው ነበር።

የክሊኒኩ ሚዛን አልቻላቸውም። በገዛ መጋዘናቸው፣ በእህል ሚዛን መዘንናቸው።

«እንደ ማሽላ ልትሸጡኝ ነው?» ብለው ሳቁ።

ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይዣቸው ሄድሁ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳስሶ፣ «ይህ አንጀት አንድ ቀን ይታነቃል፤ ያን ጊዜ መዳን የለም። ዛሬ ግን አልከፍትም። በዚህ ስብ ላይ ስፌት አይይዝም፤ በሰመመንም ትንፋሻቸው አይበቃም። መጀመሪያ ይክሱ» አለኝ።

ቅቤ፣ ሥጋ፣ ወተትና ማር ከለከልሁ። ጎመንና ምስር ከጥቂት እንጀራ ጋር ፈቀድሁ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሐሰን ከጨፋ ሮቢት እየመጡ ይቆጡኝ ነበር።

«ሐኪም፣ ጠላት ምን ይላል? ጎተራው ሞልቶ እህቱን አስራበ አይልም?»

«ተወው ወንድሜ» ይላሉ እሳቸው፤ «ረመዳኗ ረዘመባት በል፣ በቃ።»

ክረምቱን ሙሉ የጦሙ ይመስለኛል፤ ልሳሳት እችላለሁ። ያለ ደጋፊ ሲራመዱ ግን በዐይኔ አይቻለሁ። ሐኪሙም ቀን ቆረጠ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም እንዳይቀምሱ ለእሳቸውም ለወንድማቸውም ነገርኋቸው።

ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተኙ፣ በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ወላሂ፣ ገበታ አልቀረብሁም» አሉ።

የሰመመኑን ኤተር በጭምብሉ ላይ የማንጠባጥበው እኔ ነበርሁ። ዐይናቸው እንደ ተከደነ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አስመለሳቸው፤ ወደ ሳንባቸውም ገባ። በጎናቸው ገለበጥናቸው፤ ጉሮሯቸውን በመምጠጫ ጠረግን። ቢላው ቆዳቸውን ሳይነካ ሞቱ።

ሐኪሙ በረንዳ ላይ የቆሙትን አቶ ሐሰንን እህታቸው ምን እንደበሉ ጠየቃቸው።

«ምንም አልበላችም። እኔ አጎረስኋት እንጂ» አሉ። «ባዶ ሆዷን ለቢላ ልስጣት? ያውም ሁለት ብቻ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

አልዋሹም፤ እሳቸውም፣ እህታቸውም። የታላቅ ወንድም ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ከመብልም አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ የተባለውን አላስታውስም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀን ሰው «በልተሃል?» ብዬ ብቻ አላለፍሁም። «ዛሬ ማን አጎረሰህ?» እለው ነበር። ብዙዎች የሰው ስም ጠርተው መልሰውልኛል።