በቅርጫ የተከፋፈልነው አረር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ዓመት አልፎታል፤ ግን እስካሁን ምድር ቤት ወርጄ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።

ፍራንክፈርት የምኖር የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ሆኽስት በሚባለው ሰፈር ካሉት የኬሚካል ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ እሠራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በሽጉጥ ዒላማ እተኩሳለሁ። ሐበሻ ፍራንክፈርት ላይ ሽጉጥ ይዞ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም፤ ባለቤቴ እንኳን እስካሁን ትለዋለች። እዚህ አገር ግን ስፖርት ነው። ክለብ አለው፣ ውድድር አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ወረቀት አለው።

ወደዚህ ስፖርት ያስገቡኝ ጋሽ ግርማ ናቸው። በተማሪነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ሮደልሃይም አካባቢ ባለው ክለባችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተኩሰዋል። በክለቡ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ማጣሪያውን አልፎ ለክፍለ ሀገሩ፣ ለሄሰን ሻምፒዮና የበቃ አባል ስሙ እዚያ ላይ ይቀረጻል። ጋሽ ግርማ በየዓመቱ በሁለት በሦስት ነጥብ ይቀራሉ። «እዚያ ሰሌዳ ላይ አንድ የሐበሻ ስም ሳላይማ አልሞትም» እያሉ ይስቁ ነበር።

ያለፈው ዓመት ግን ሳቁ ቀረ። የዓይን ሐኪማቸው የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን እየጠፋ መሆኑን ነገራቸው። ጠብታው ቢያዘገየው እንጂ አያቆመውም አላቸው። የሚያነጣጥሩት በቀኝ ዓይናቸው ነው። የግንቦቱ ማጣሪያ የመጨረሻቸው እንደሚሆን እሳቸውም አወቁ፣ እኔም አወቅኩ።

የውድድር ጥይት ውድ ስለሆነ እኔና እሳቸው ፈቃዱን አውጥተን የየራሳችንን ጥይት ራሳችን እንሞላለን። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶ፣ አዲስ መለኮሻ ካፕሱልና ባሩድ ጨምሮ፣ ከላዩ አረሩን፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣውን እርሳስ፣ መግጠም ነው። ቀለሁ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ባሩዱም የሚያስፈልገው ቁንጥር ያህል ነው። ኪስንም ዒላማንም የሚወስነው አረሩ ነው። ርካሹን ገዝተህ ቀዳዳው እዚህና እዚያ ከተበተነብህ ምን ዋጋ አለው? ውዱን ገዝተህ ለልምምድ ከሰሰትከውም ያው ነው።

እናም ያን ብርድ ወራት በሙሉ አረር ስንመርጥ ከረምን። ልባስ የሌለው እርሳስ ርካሽ ነው፤ ግን ጭሱ ለጋሽ ግርማ ዓይን አልሆነም። ወፍራም የመዳብ ልባስ ያለው ልክ ነው፤ ዋጋው ግን የጡረተኛ አይደለም። በመጨረሻ አንድ የክለባችን ሰው ለሙከራ ከሰጠን ውስጥ እርሳሱ በስሱ መዳብ የተቀባ አንድ ዓይነት አገኘን። ዋጋው ከእርሳሱ ብዙም አይርቅም። ሽጉጡን ትራስ ላይ አስደግፈን ከሃያ አምስት ሜትር ዐሥር ጥይት ተኮስን። ዒላማውን ስናየው ዐሥሩም ቀዳዳ በሻይ ብርጭቆ አፍ ይሸፈናል።

ጋሽ ግርማ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «በቃ በኃይሉ፣ ይኼ ነው። ሌላ እንዳትፈልግ» አሉኝ።

አረሩ የሚረክሰው ግን በብዛት ሲገዛ ነው። ስለዚህ ሁለት ጓደኞቻችንን ጨመርን፤ አውቶቡስ የሚነዳውን ሰለሞንንና ኤርትራዊውን ተኽለን። ሁለቱም ጥይታቸውን እንደኛው ራሳቸው የሚሞሉ ናቸው፤ የሚተኩሱት ግን ለመዝናናት እንጂ ለውድድር አይደለም። ለአራት ሆነን ሁለት ትልልቅ ካርቶን አዘዝን።

ካርቶኖቹ ደርሰው እኔ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ስንከፍታቸው የተጻፈባቸው የምርት ቁጥር የተለያየ ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው እኛ ከሞከርነው ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ አረሮቹ አይለዩም፤ ክብደታቸውም ያው ነው።

«የተሞከረው ለእናንተ፣ ያልተሞከረው ለእኛ? ናይን ወንድሜ!» አለ ሰለሞን እየሳቀ። ቀልድ ቢሆንም ውስጡ ቁም ነገር ነበረበት፤ እሱም እኩል ከፍሏል።

ጋሽ ግርማ በቦታው አልነበሩም። «አውገንአርትስት ጋ ቴርሚን አለኝ፤ እንዳመቸህ አካፍል፣ አንተን አምናለሁ» ብለው በስልክ ነግረውኛል፤ ቀጠሯቸው ዓይን ሐኪማቸው ጋ ነበር።

አባቴ በሰፈራችን ቅርጫ ሲገባ በሬውን የሚመድበው እሱ ነበር። ጉበቱም፣ ጨጓራውም፣ ሽንጡም፣ ሳንባውም ለየመደቡ እኩል ይዳረሳል፤ ከዚያ እጣ ይጣላል። ጥሩውም መጥፎውም ለሁሉም ስለሚደርስ ማንም አኩርፎ አይሄድም። እኔም ያን ቀን አባቴን ሆንኩ። ሁለቱንም ካርቶን ሳፋ ውስጥ ዘረገፍኩና በእጄ አገላብጬ ደባለቅኩት። በሚዛን አራት መደብ አወጣሁ። እጣ ጣልን። ተኽለ «ሽንጡ ለማን ደረሰ?» እያለ አሳቀን። የጋሽ ግርማን ድርሻ በከረጢት አስሬ ስማቸውን ጻፍኩበት።

አሁን የምነግራችሁን ስጽፍ ያሳፍረኛል። ፋብሪካው ውስጥ ሥራዬ የአንዱ ቀን ምርት ከሌላው ቀን ምርት ጋር እንዳይደባለቅ መጠበቅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የበላሁት እንጀራ በዚህ የተገኘ ነው። እዚያ ሁለት በርሜል ብደባልቅ በማግስቱ ያባርሩኛል። ቤቴ ገብቼ፣ ጓደኞቼ መሐል ቆሜ ግን ትዝ ያለኝ እንዳላስኮርፍ ብቻ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ጋሽ ግርማ መጡ። ማጉያ መነጽር ግንባራቸው ላይ አስረው፣ እኔው ቤት ጥይት መሙያው ፊት ተቀምጠው ለማጣሪያው የሚሆናቸውን ጥይት አንድ በአንድ ሞሉ። መደባለቁን አልነገርኳቸውም። የደበቅኩት መስሏችሁ እንዳይሆን፤ የሚነገር ነገር መሆኑ ጭራሽ አልታየኝም።

በሳምንቱ ልምምድ ሲተኩሱ አብሬያቸው ነበርኩ። ዒላማው ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ተበትነዋል። ደግመው ተኮሱ፤ ያው ነው። ሽጉጡን አስቀምጠው በመዳፋቸው ቀኝ ዓይናቸውን ጫን ጫን አደረጉ።

«ዓይኔ ነው በኃይሉ። ሐኪሙ ያለኝ ይኸው መጣ።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ድካም ይሆናል» አልኳቸው። በልቤ ግን አምኛቸው ነበር። ያን ወር ፈረቃ በዝቶብኝ የራሴን ድርሻ አልነካሁትም። ከእጄ የወጣ ነገር ሊበላሽ ይችላል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ የሳቸው ዓይን ጠፋ ሲባል ግን ሳልጠይቅ አመንኩ።

ቀሪዎቹን ሁለት ሳምንታት ጋሽ ግርማ ከዓይናቸው ጋር ሲታገሉ ከረሙ። አቋቋማቸውን ለወጡ። መነጽር ቀየሩ። በሠላሳ ዓመት የለመዱትን አያያዝ ትተው በግራ ዓይን ለማነጣጠር ሞከሩ። ምንም አልረዳቸውም።

የማጣሪያው እሑድ ባለቤታቸው እትዬ የሺም መጥተው ነበር። ጋሽ ግርማ ወደ ቀኝ ዓይናቸው ተመልሰው ተኮሱ። ውጤቱ ሲነበብ በሁለት ነጥብ ቀሩ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሽጉጡን በዝግታ ጠራርገው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። «ተመስገን» አሉ በኋላ። «እስከ ዛሬ ያሳየኸኝ ይበቃኛል ብዬዋለሁ።» እትዬ የሺ ፊታቸውን አዙረው እንባቸውን ጠረጉ።

ወር ሳይሞላ ሽጉጡን ለነጋዴ አስረከቡ። ከመሣሪያ ፈቃድ ቢሮው ቴርሚን ወስደው ፈቃዳቸውን መለሱ። አብሬያቸው ሄጄ ነበር። በከተማው ባቡር፣ በኤስባን ስንመለስ ፊታቸው ጸጥ ብሎ ነበር። «እንዲህ ሲሆን ይቀላል፤ ከፈጣሪ ጋር ሙግት የለም» አሉኝ። እውነትም ታርቀውት ነበር።

እኔ የራሴን ጥይት ሞልቼ የተኮስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳው ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ሆነ። የኔ ዓይን ጤነኛ ነው። ዒላማውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ የቀረውን አረር ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩ። አንድ በአንድ እየገለበጥኩ መቀመጫቸውን አየሁ። የአንዱ መቀመጫ ጠፍጣፋ ነው። የሌላው ጎድጎድ ይላል፤ በቁመትም የፀጉር ያህል ይበልጣል። አንድ ላይ በአንድ ልክ ሲሞሉ አንዱ ጠልቆ ሌላው ከፍ ብሎ ይገባል፤ ፍጥነታቸውም የሚያርፉበትም ቦታ ይለያያል ማለት ነው። ለየብቻ ለይቼ፣ ለየብቻ ሞልቼ ተኮስኳቸው። ጠፍጣፋዎቹ በብርጭቆ አፍ ገቡ። ጎድጓዶቹም በብርጭቆ አፍ ገቡ፤ ግን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብለው። ሁለቱም ደህና አረር ነበሩ። ለጋሽ ግርማ አንዱን ብቻ፣ የፈለግኩትን አንዱን ሰጥቻቸው ቢሆን ይበቃቸው ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ተው አትንገራቸው» አለችኝ። «ሰውየው ሰላም አግኝተዋል። ለማን ብለህ ነው የምትነግራቸው?»

አልሰማኋትም። ደብቄ መኖር ክህደት መሰለኝ። ሁለት አረር ኪሴ ከትቼ ቤታቸው ሄድኩ።

እትዬ የሺ የመጣውን ደብዳቤ እያነበቡላቸው ደረስኩ፤ ማንበብ እያቃታቸው ነበር። ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሁለቱን አረሮች መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። በአውራ ጣታቸው መቀመጫቸውን ዳሰሱ።

«ይኼኛው ጎድጎድ ይላል» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደባልቀህ ነው የሰጠኸኝ?»

«አዎ። እኩል እንዲዳረስ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ያን ቀን ዓይኔ ደህና ነበረ» አሉ ቀስ ብለው። አረሮቹን መልሰው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ከእግዜር ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር እኮ በኃይሉ። ለሱ ምን ይባላል? ዝም ነው። አሁን ግን ካንተ ሆነ። አንተን ምን ልበልህ?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስነሳ ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! እትዬ የሺ እስከ በሩ ሸኙኝ። «አሁን ቀለለህ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምር መጠየቃቸው ነበር። አልቀለለኝም።

በመከር ጊዜ የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ጨርሶ ጠፋ። ያ እሑድ የማይመለስ ስለሆነ የማደርግላቸው ነገር የለም። ሽጉጡን ገዝቼ ልመልስላቸው አስቤ ነበር፤ ለምን? የሚያዩበት የለም። ስደውልላቸው ያነሳሉ። ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፣ መርቀውኝ ይዘጋሉ። ስለ ተኩስ አንድም ቃል አንስተው አያውቁም።

ባደርገው ኖሮ የሚሻለው የቱ እንደነበር አላውቅም። ዝም ብል ኖሮ እሳቸው በሰላም፣ እኔ በውሸት እንኖር ነበር። ተናገርኩና ሰላማቸውን ወሰድኩባቸው፤ ለራሴም ሰላም አላገኘሁበት። ባለፈው ፋሲካ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉኝ። በራሳቸው ስም «ይቅር ብዬሃለሁ» ግን እስካሁን አላሉኝም፤ የሚሉኝም አይመስለኝም።