ወርቅውሃ የዋጠችው እሁድ

ወርቅውሃን የማያውቅ አበሻ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ከተገኘ፣ ትናንት በአውቶቡስ የገባ መሆን አለበት፤ እሱም ቢሆን እስከ ነገ ያውቃታል። ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት በነበረው ዓመት፣ ወርቅውሃ እዚያ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። አረብኛዋ ከሱዳኖቹ የሚለየው ስትናደድ ብቻ ነው፤ የምትናደደው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው። መተዳደሪያዋ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ከሰዓት በኋላ ቢሮ ማጽዳት ሲሆን ስሟ የገነነው ግን በሌላ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ልጅ ሰው ቤት ስትቀጠር፣ በልጅቷና በአሠሪዋ መካከል ቆማ የምታስተረጉመው እሷ ናት።

አስተርጓሚ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተፈለገች። አሠሪዋ «ይቺ አህያ ቶቤን አቃጠለችብኝ!» ብላ ስትጮህ፣ ወርቅውሃ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ፣ «የኔ እህት፣ ካውያውን ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጊው ነው የምትልሽ» ትላታለች። ልጅቷ «ራሷ አህያ!» ብላ ስትመልስ ደግሞ ወደ አሠሪዋ ዞራ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ትላለች» ትላለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ስንቷ ልጅ ከመባረር፣ ስንቷ አሠሪ ከመሰደብ ድናለች! ወርቅውሃ ይህን እንደ ውሸት ቆጥራው አታውቅም። እንዲያውም ጽድቅ ይመስላት ነበር፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሳይመስለኝ አይቀርም።

ዮሳቤጥን ከወንዙ ማዶ አል-ጣኢፍ ሰፈር ያስቀጠረቻትም እሷ ናት። ዮሳቤጥ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ኒዕማ በምትባል፣ ሰው ሁሉ ኡስታዛ በሚላት አስተማሪ ቤት፣ አልጋ ላይ የዋሉትን የኒዕማን እናት ሐጃ ጦይባን ታስታምማለች። ቤቱ ደህና ቤት ነው፤ ምግቡም መኝታውም አልተጓደለባትም። ዓርብ ዓርብ የሐጃ ልጆች ሁሉ እናታቸው ዘንድ ስለሚሰበሰቡ እሷ ታርፋለች። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሁድ። አገሯ ሳለች ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀርታ የማታውቅ ልጅ፣ እሁድ ጠዋት የአሮጊቷን ሾርባ እያማሰለች ቅዳሴው እንደሚያልፍባት ስታስብ ሆዷ ይባባል። ሦስት ጊዜ በወርቅውሃ አፍ አስጠየቀች። ሦስቱንም ጊዜ ያገኘችው መልስ «ኢንሻአላህ ብላለች» የሚል ነበር። በዚያች ኢንሻአላህ ስምንት ወር ጠበቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን አጥባ ታሰጣለች፤ እሁድ ጠዋት አጣጥፋ ወደ ሻንጣዋ ትመልሰዋለች።

ሳሊህ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሳሊህ መነጽራም የካርቱም ወጣት ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ ፒካፕ ፕሮጀክተርና ነጭ አቡጀዲ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። የሚያሳዩት ሲኒማ ቤት የማይደርሱትን፣ ወጣቶች ከኪሳቸው አውጥተው የሠሯቸውን ፊልሞች ነው። ሰው አይቶ እንዲበተን ግን አይፈልጉም። በአንድ ሰፈር እየኖሩ ከሰላምታ አልፈው የማያውቁ ሱዳኖችና አበሾች፣ ፊልሙ ሲያልቅ ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ነው ልፋታቸው። ለሐጅ ዩሱፍ ያመጡት ፊልም ግማሹ አረብኛ፣ ግማሹ አማርኛ የሚነገርበት ነበር። ከስር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢያደርጉበትም የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማይክራፎን ይዞ እዚያው የሚተረጉም ሰው ፈለጉ። የጠየቁት ሁሉ ጣቱን ወደ ወርቅውሃ ቤት ቀሰረ።

«ፊልሙን አስቀድመሽ ብታዪው ጥሩ ነው» አላት ሳሊህ።

«ለምን ብዬ? አፋቸውን ሲከፍቱ እሰማለሁ፣ ሲዘጉ እናገራለሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ እኮ ነው!» አለችው። የወርቅውሃ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። ኩራቱም አላስቀምጥ ብሏት ስልክ ደወለችና ኒዕማን ጋበዘቻት፤ ኒዕማም ዓርብ ከሰዓት ዮሳቤጥን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ መጣች።

የመግሪብ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ፊልሙ የሚታይበት የሰፈሩ ክለብ ግቢ በሰው ሞላ። የራክሻ ሾፌሮች ባለ ሦስት እግር ታክሲያቸውን አጥሩ ጥግ ደርድረው ገቡ። ማንም ሳያዝዝ አበሻው በግራ፣ ሱዳኑ በቀኝ ያሉትን የፕላስቲክ ወንበሮች ያዘ፤ በመሃል አራት ክንድ የሚሆን አሸዋ ባዶውን ቀረ። ዮሳቤጥ ከኒዕማ ጎን ተቀምጣ ስለነበር ከሱዳኖቹ ወገን ሆነች። ወርቅውሃ አዲስ ሻሿን አስራ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆመች።

ፊልሙ የሰው ቤት ሠራተኛ ስለሆነች አበሻ ልጅ ነው። ወርቅውሃ መጀመሪያ በደንብ ሄደችበት፤ ድምጿም አማረላት። ከዚያ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ እመቤቷን የዕረፍት ቀን ጠየቀች። እመቤቷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ በአረብኛ «ላ» አለች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። «ላ! አንቺ ስትዞሪ ቤቱን ማን ሊሠራው?» የወርቅውሃ ምላስ የለመደውን አደረገ። «ኢንሻአላህ፣ ወደፊት እናያለን ትላታለች» አለች በአማርኛ። ልጅቷ ኩሽና ገብታ የሰሃን ማጠቢያው ላይ ጎንበስ አለችና በአማርኛ ብቻዋን ተናገረች። «እጄን እንጂ እኔን መቼ አየሽኝ? ይህን ሁሉ ጊዜ ቤትሽ ኖሬ አንድ ቀን የአባትሽ ስም ማነው አላልሽኝም።» ወርቅውሃ ወደ ሱዳኖቹ ዞራ በአረብኛ፣ «ደክሞኛል፣ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው ትላለች» አለች። ከአበሾቹ መካከል አረብኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ተያዩ። ወርቅውሃን ማን ያርማታል?

ፊልሙ አልቆ መብራት በራ። ሳሊህ «እስቲ ምን ታዘባችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሱዳናዊ አዛውንት ተነስተው፣ ልጅቷ አመስጋኝ፣ ጨዋ ልጅ ናት አሉ። አንድ አበሻ ልብስ ሰፊ ቀጥሎ፣ እመቤቷም ተስፋ አልነፈገቻትም አለ። ሁሉም በሁሉም ተስማማ። ከኋላ ፕሮጀክተሩን ሲቆጣጠር ትርጉሙን ልብ ያላለው ሳሊህ ግራ ገባው፤ ይህ ፊልም በሄደበት ሰፈር ሁሉ ሰውን እርስ በርስ አከራክሮ ነበር፣ እዚህ ግን ለቅሶ ቤት ይመስል አንገት መነቅነቅ ብቻ ሆነ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ።

ያን ጊዜ ዮሳቤጥ ተነሳች።

ስምንት ወር ሙሉ የዮሳቤጥ ወሬ አጫዋች ሐጃ ጦይባ ብቻ ነበሩ። ሐጃ ደግሞ ለሾርባውም ላ፣ ለክኒኑም ላ፣ ለትራሱም ላ የሚሉ ሴት ናቸው። ልጅቷ ከአረብኛ ሁሉ ይህን ቃል ነው አጥርታ የምታውቀው።

«እትዬ ወርቅውሃ» አለች። «ሴትየዋ ኢንሻአላህ አላለችም። ላ ነው ያለቻት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» «ታዲያ ኡስታዛ ለእኔ ያለችኝ ምንድን ነው?» ስትል ጨመረች።

«ምን አለች?» ስትል ኒዕማ ወርቅውሃን በአረብኛ ጠየቀቻት።

ወርቅውሃ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። አንድ ለስላሳ ቃል ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቺ ልጅ ነጠላዋን ስታጥብና ስታጣጥፍ የከረመችው በእሷ ኢንሻአላህ መሆኑ አሁን ነው የገባት። ከልጅቷ አማርኛ ውስጥ ኢንሻአላህንና ላን የለየው ሳሊህ ቀስ ብሎ፣ «ያችን ቦታ ደግመን እንያት?» አለ፤ እሷም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ደገሙት። በዚህኛው ጊዜ ወርቅውሃ «ላ»ውን «አይሆንም!» አለችው፤ የኩሽናውንም ንግግር የአባትን ስም ሳታስቀር ወደ አረብኛ አወጣችው። ከሱዳናውያኑ ሴቶች አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! አንዷ ሱዳናዊት «እኛም እኮ መሥሪያ ቤት ላ ይሉናል!» ትላለች፤ ልብስ ሰፊው «ቅድም ያልኩትን አንስቻለሁ!» ብሎ ይጮሃል። አዛውንቱ አጠገባቸው ያለውን የራክሻ ሾፌር የአባቱን ስም ይጠይቁታል። የሩቁ አልሰማ ሲል ወንበሩን እየጎተተ ወደ መሃል ተጠጋ፤ ያ አራት ክንድ አሸዋ በሰው እግር ተሸፈነ። ሳሊህ እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

ወርቅውሃ ማይክራፎኑን አረብኛም አማርኛም ለሚችል አንድ ሾፌር አስረከበችና በኒዕማና በዮሳቤጥ መካከል ተቀመጠች።

«ኡስታዛ፣ ልጅቷ ሦስት ጊዜ እሁድን ጠይቃሽ ነበር። እኔ ግን አንዳንዴ እሁድ ወጣ ብትል ደስ ይላታል ነው ያልኩሽ። ለጸሎት መሆኑን አልነገርኩሽም።»

«ለጸሎት? ገበያ መዞር ያማራት መስሎኝ!» አለች ኒዕማ። «እኔስ ያልኩትን ነግረሻታል? እናቴ ብቻዋን ውላ ከአልጋ የወደቀች ቀን እሁድ እንደነበር፣ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ መሬት ላይ እንደቆየች?»

ወርቅውሃ አንገቷን ደፋች። «ላ»ውን ስትውጥ ምክንያቱንም አብራ ውጣው ኖሯል። ለዮሳቤጥ ሁሉንም፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ዮሳቤጥ እንባዋ መጣ። «መውደቃቸውን ማን ነገረኝ! እኔ እኮ ኡስታዛ ተስፋ እየሰጠች የምታሾፍብኝ መስሎኝ ቂም ይዤባት ነበር።» ይህንንም ወርቅውሃ ስኳር ሳትጨምርበት ወደ አረብኛ አሻገረችው።

ኒዕማ የተቆጣች መሰለች። ቆይታ ግን፣ «በእኔ ቂም ይዛ እናቴን እንዲያ አድርጋ ታስታምማት ነበር?» አለችና የዮሳቤጥን እጅ ያዘች።

«እሁድ ጠዋት ሐጃ ጋ እኔ እቀመጣለሁ» አለች ወርቅውሃ።

«የአንቺስ ጸሎት?»

«አንዱን እሁድ እሷ ትሄዳለች፣ አንዱን እኔ። የዋጥኩትን እኔው ልተፋ።»

«ያላ፣ እንዲያ ይሁን» አለች ኒዕማ። ኢንሻአላህ አላለችም።

በሳምንቱ ሳሊህ ፊልሙን ዐማራት ሲያሳይ አስተርጓሚዋ ያው ወርቅውሃ ነበረች። ግን አስቀድማ ሁለት ጊዜ አይታው፣ የመረሯትን ቃላት ለብቻዋ ደጋግማ ተለማምዳ ነው የቆመችው።

የመጀመሪያዋ እሁድ ግን ከዚያም በፊት ደርሳ ነበር። ዮሳቤጥ ነጠላዋን ተከናንባ ገና ጎህ ሲቀድ በራክሻ ወጣች። ወርቅውሃ የሾርባ ሳህን ይዛ ሐጃ ጦይባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሐጃ «ላ» አሉና ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ ከዚያ በተንኮለኛ ዓይን አዩዋት።

«አንቺ ቋንቋዋን ታውቂያለሽ። ልጅቷ ስለ እኔ ምን ትላለች?»

እንደ እናቴ ነው የማያቸው ትላለች፤ ይህ መልስ ተዘጋጅቶ ወርቅውሃ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። እሷም ወደ መጣበት መለሰችውና እውነቱን ተናገረች።

«ነዝናዛ ናቸው፣ ሾርባ አልጠጣ ብለው ያታክቱኛል ትላለች። ደግሞ ሌሊት ሳላቸው ድንገት ፀጥ ሲል እየደነገጥኩ እነሳለሁ፣ መተንፈሳቸውን ሰምቼ ነው ተመልሼ የምተኛው ትላለች።»

ሐጃ «ነዝናዛ» በመባላቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረ።

«እየተነሳች ትሰማኛለች?» አሉ። «አንድ ቀን አልነገረችኝም።»

«አልጠየቋትማ።»

ሐጃ ጦይባ በክርናቸው ተደግፈው ትንሽ ቀና አሉ። «በይ አምጪው» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። «ስትመለስ እንደጨረስኩት ንገሪያት።»