የሱዳን አብዮትና የጋሽ ሁሴን ልጅ

እኔና ይማም ከደሴ የወጣነው አመሻሽ ላይ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቧንቧ ውሃ ሰፈርን ሸፍኖት ስለነበር፣ አባቱ ጋሽ ሁሴን በር ላይ ቆመው ሲሸኙን ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሌላ አባት ቢሆን «ራስህን ጠብቅ» ይላል፤ እሳቸው ግን «ካርቱም ስትደርስ ሰዉ ስለ መንግሥቱ ምን እንደሚል ስማልኝ» አሉት። ይማም ሳቀ። እኔ የገራዶ ገበሬ ልጅ ያሳሰበኝ መንገዱ እንጂ የማንም መንግሥት አልነበረም።

በመተማ ተሻግረን፣ ገዳሪፍን አልፈን ካርቱም ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ አልላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል። ሙቀቱን ግን ምን ብዬ ልንገራችሁ? በሐርቡ ቆላ ስናማርር የኖርን ሰዎች ሐርቡ ደጋ ሆና ታየችን። ኪስራ የሚሉት እንጀራ መሰል ነገር አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ ሆድ ይሞላል እንጂ አንጀት አያርስም። ደይም በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። አከራያችንን ሐጂን ውሃ መቼ እንደሚመጣ ስንጠይቃቸው «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ይሉናል። ወራት አልፈውም መልሳቸው ነገ ነበር። ይማም በአማርኛ «መንግሥታቸውም በዚሁ ቀጠሮ ነው የሚወድቀው» ሲል ሐጂ ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

መንግሥቱ ግን እውነትም መንገዳገድ ጀመረ። ሰዉ «ተስቁጥ በስ» እያለ ወጣ፤ ትውደቅ፣ በቃ እንደማለት ነው። እኛ መኖሪያ ፈቃድ ስለሌለን ከሻ የሚሉትን አፈሳ ፈርተን ከሥራ መልስ በር ዘግተን ተቀመጥን።

ደሴ ላይ ግን ጋሽ ሁሴን ቤት በር አልተዘጋም። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ የድሮ የፖለቲካ ሰዎች ለዱአና ለጫት ይሰበሰባሉ። ዋናው አቶ ጌታቸው ናቸው፤ ከኮምቦልቻ የሚመጡ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኞች መሪ፣ በወጣትነታቸው ከጋሽ ሁሴን ጋር የታሰሩ። ክርስቲያን ናቸው፤ ዱአው ላይ ግን ከሳቸው በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን የሚል የለም። ስልኩን መሀል አስቀምጠው ይማም የካርቱምን ወሬ ያሰማቸዋል። ጋሽ ሁሴን «እነዚህ የሱዳን ልጆች እንደ እኛ አይደሉም፣ ጠመንጃ አልያዙም፣ ሴቶቻቸው ከፊት ናቸው» ይላሉ። አቶ ጌታቸው ደግሞ ሕዝቡ ጦሩ ደጃፍ ላይ መስፈሩን ሲሰሙ «በስድሳ ስድስት እኛም ለታንኩ አጨብጭበን ነበር» እያሉ ያበሽቋቸዋል።

ገዢው የወረደ ቀን ጋሽ ሁሴን በስልክ አለቀሱ። ከዚያ «ይማም፣ እዚያው ተቀምጠህ እንደ እኛ ወሬ ትሰማለህ? ሂድና በዓይንህ እይልኝ» አሉት።

ሄደ። ጦሩ ደጃፍ ወደሰፈረው ሕዝብ የሄደው መጀመሪያ ለአባቱ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ከሥራ ሲወጣ ቤት መምጣቱን ተወ። በረመዳን ለጾመኞቹ የማፍጠሪያ ውሃ ያድላል። ስቀር ይቆጣኛል። «እዚያ ማንም ከየት ነህ ብሎ አልጠየቀኝም» አለኝ አንድ ቀን፣ ፊቱ በርቶ። በስደት እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሰፈረው ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ይማምን ሆስፒታል ውስጥ አስከሬን ሆኖ አገኘሁት። ከሐጂ ጋር ቀበርነው። ኢንተርኔት ተቆርጦ ስለነበር ጋሽ ሁሴን የልጃቸውን ዝምታ በኔትወርክ አሳበቡት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሄደው እንዲያረዱልኝ ለአቶ ጌታቸው በመደበኛ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው።

አርብ ነበርና ሰዎቹን አስከትለው ሄዱ፤ ነገሩን በጨዋታ መሀል ቀስ አድርገው ሊያለማምዷቸው። ጋሽ ሁሴን ግን ግድያውን በሬዲዮ ሰምተው ስለነበር ለክርክር የመጡ መሰላቸው። «አሸነፍከኝ ጌታቸው፤ ወታደሩን በተመለከተ ልክ ነበርክ» አሏቸው። አቶ ጌታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖረው ያን ቀን እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። ዱአ ተደርጎ ሁሉም መርዶውን ሳይናገር ተበተነ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ተመልሰው ሄዱ። ጋሽ ሁሴን በሩን ከፍተው ሁሉንም በዚያ ሰዓት ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

ዓመታት አለፉ። የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከካርቱም ሸሽቼ አሁን ካይሮ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሁሴን ደወሉልኝ። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ብርዱ አወሩልኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እውነቱን ንገረኝ። ይማም የሄደው እኔ ሂድ ስላልኩት ነው?»

«ወላሂ አይደለም» አልኩ፣ እኔ ክርስቲያኑ ሰውዬ። «ለአንዲት ሻይ ሻጭ ዕቃ ሊያደርስ ነው የሄደው ጋሼ። ፖለቲካው ግድም አልነበረው።»

ከሸክማቸው ተገላገሉ ብዬ ነበር።

«እንግዲያ ለምን እንደሞተ እንኳ ሳያውቅ ነው የሞተው» አሉ። ከዚያ «አብሽር ልጄ» ብለው ዘጉት።

ይማም ያውቅ ነበር፤ ከሁላችንም በላይ ያውቅ ነበር። ይህን ብነግራቸው ልጃቸውን እመልስላቸዋለሁ፤ ግን የላኩት እሳቸው መሆናቸውንም እነግራቸዋለሁ። በየቀኑ ቁጥራቸውን አወጣለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።