ክታብ አይደለም፣ ክትባት ነው

ትናንት ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የሟች ጎረቤቴ የዘነበች ልጅ ሰናይት ናት። ቀኝ እጇን ጨብጣለች።

ሰናይት በሚቀጥለው ሳምንት ቀጨኔን ለቃ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ነው። ዕቃ ስትሸክፍ የእናቷን ሻሽ አገኘች፤ ከሻሹ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተቋጥሯል። ዘነበች በኮሮና የሞተች ጊዜ ሆስፒታሉ ልብሷን በፌስታል ሲያስረክባት ቋጠሮውን አይታው ነበር። ክታብ መስሏት መፍታት ፈራች። እስከ ትናንት ድረስ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረችው።

«እትዬ አስካለ፣ መቼም እርስዎ አስተማሪ ነዎት... እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ።

ያሳየችኝን ከመናገሬ በፊት የኋላውን ልንገራችሁ።

በዚህ ገጽ የምታውቁኝ የሱቅ ማስታወቂያና የታክሲ ላይ ጽሑፍ ሳርም ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ፊደል የሳተ ልጅ መዳፉን በማስመሪያ ይመታ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ማንንም አልመታሁም። ማረም ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተውኩም።

ዘነበች ሸክላ ሠሪ ነበረች። የሁለታችንን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ከትምህርት ያላት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራ የተወችው ብቻ ነው። የኮሮና ክትባት ለእኛ ለሽማግሌዎቹ የመጣ ሰሞን መንደሩ በሙሉ ይከራከር ነበር። አንዱ መርዝ ነው ይላል፣ አንዱ የአውሬው ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያልተከተበ ሰው ዕድር ድንኳን አይግባ ይላል። ዘነበች አልተከራከረችም። አንቺ ከሄድሽ እሄዳለሁ ብላኝ አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን።

ሰልፉ ረጅም ነበር። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ ነን። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ነርስ፣ «እማማ፣ እርስዎ ለምንድን ነው የመጡት?» አለቻት።

«ያንን ክታብ ልወጋ ነው፣ ልጄ።»

«ክታብ አይደለም፣ ክትባት ነው» አልኩ ከኋላ። ክፍል ውስጥ እንደማርመው፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ክታብ ደብተራ ጽፎ አንገት ላይ የሚታሰረው ነው።»

ሰልፈኛው ሣቀ። ከወደ ኋላ አንድ ጎልማሳ፣ «ከሸክላ ሠሪ ቤት መቼ ክታብ ይጠፋል!» አለና ሣቁ ባሰ። ነርሷ ማስክ ስላደረገች አፏ አልታየኝም፤ ትከሻዋ ግን ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

ዘነበች ነጠላዋን አስተካከለች። «ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለችና ወጣች።

እኔ... ተከተብኩ። ተራዬ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ እንደ ወትሮው ሰላም ተባባልን። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁ። መንደሩ ግን «ዘነበች እምቢ አለች» ማለት ጀመረ። ከፊሉ መብቷ ነው አለ። ከፊሉ በእሷ መብት እኛ እንታመም እንዴ አለ። የዕድሩ ሰብሳቢ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ እርስዎን ትሰማለችና ያግባቡልን ብለው ለመኑኝ። የመለስኩላቸው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«አዋቂ ሰው ናት። የግል ምርጫዋ ነው።»

ሰውየው የሰው መብት የሚያከብር እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ለምን እንደወጣች የማውቀው እኔ ነበርኩ። አልተናገርኩም።

ሁለት ወር ያህል ቆይታ ታመመች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ለቀብሯ ጥቂት ሰዎች ተራርቀን ቆምን። አላለቀስኩም። ከዚያም ወዲህ አላለቀስኩም። ሰናይት ከኀዘኗ ቁጣዋ ይብስ ነበር። በተዝካሯ ቀን እንኳ፣ እናቴን የገደላት እልኳ ነው፣ በክታብ ታምና ሐኪም ናቀች ስትል ሰምቻታለሁ። እዚያም ዝም አልኩ።

ወደ ትናንት ልመለስ።

ሰናይት እጇን ከፈተች። ጥፍር እስኪያክል የታጠፈ ወረቀት ነው። መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ ዘረጋሁት። ያን ሰሞን ጤና ጣቢያው ከበተነው በራሪ ወረቀት የተቀደደ ነው። ከላይ በኅትመት «ክትባት» ይላል። ከሥሩ በእስክሪብቶ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ ያው ቃል ተጽፏል... ደግሞ ተጽፏል... ደግሞ... እስከ ወረቀቱ ግርጌ። ላይኞቹ ፊደላት ተጋድመዋል። ወደ ታች ሲወርዱ ቀና እያሉ ይሄዳሉ።

«ክታብ ነው አይደል?» አለች ሰናይት።

«ክታብ አይደለም» አልኩ። «ክትባት ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሰልፉን፣ እርማቴን፣ ሣቁን፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ማለቷን። አላቋረጠችኝም።

«ታዲያ እምቢ አላለችም?»

«አላለችም። እየተለማመደች ነበር።»

ወረቀቱን እንድትወስደው ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። «እርስዎ ዘንድ ይሁን» አለችና ሳትሰናበተኝ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ክታብም ክትባትም «ከተበ» ከሚለው ከአንድ ግስ ይወጣሉ። ይህን ያን ቀንም ዐውቅ ነበር፤ ስንት ክፍል ልጆች አስተምሬዋለሁ።

ወረቀቱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አየሁት... አንድም ግድፈት የለበትም።