አባባ የሚዘላት ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ ጋቢ ገዝታ መጥታ እጥፋቱን ስትፈታው፣ ያ ውሃ ያልነካው የጥጥ ሽታ ወስዶ ሽሮ ሜዳ፣ ከዳገቱ ሥር ከነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ጣለኝ። የክፍሏን እኩሌታ የአባባ የሽመና ዕቃ ይዞት፣ በቀረው እኩሌታ አራታችን እንኖር ነበር።

አባባ ጠዋት ጠዋት እግሩን ወደ ሽመና ጉድጓዱ ከመክተቱ በፊት ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ይቆማል፤ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደሰና እኔ ከኋላው እንሰለፋለን። እማዬ አባታችን ሆይን የምትለው ሽሮዋ ሊገነፍልባት እንደደረሰ ሴት እየተጣደፈች ነው፤ አባባ ግን እያንዳንዷን ቃል እንደ ቀጭን ፈትል፣ እንዳትበጠስበት እየሰጋ፣ ቀስ አድርጎ ያወጣታል፤ እኔም ከረሃቤ ጋር እየታገልኩ «አሜን»ን እጠብቃለሁ።

ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በተላከ ማግስት፣ አባባ «መንግሥትህ ትምጣ» ካለ በኋላ ዝም አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» የሚለውን ትቶ «የዕለት እንጀራችንን» ብሎ ቀጠለ። የረሳው መስሎኝ በበነጋው እዚያው ሲደርስ በሹክሹክታ አስታወስኩት፤ እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሱ ይዘላታል፣ እኔ ግራ ይገባኛል። እምነቱ አልቆ ነው እንዳልል፣ ከበፊቱ ይልቅ ረዘም አድርጎ ይቆማል፣ ሲጨርስም ዓይኑ ይቀላል።

እማዬ ፈርታ ለንስሐ አባታችን ነገረቻቸው። ቤታችን መጥተው፣ የቀረበላቸውን ዳቦ ሳይነኩ፣ ለምን እንደሚዘል ጠየቁት።

«አባ፣ ፈቃዱ ልጄን መውሰድ ቢሆንስ? ትሁን ብዬ ብለምን ውሸቴን ነው። እሱን ደግሞ እንዴት እዋሸዋለሁ?»

ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ፣ መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆይተው፣ «እንግዲያው እዚያ ላይ ስትደርስ ዝም በል፤ መቆሙን ግን እንዳትተው» ብለውት ሄዱ። ከሁለቱ ማን እንደረታ እንኳ አልገባኝም።

ክረምቱ አልፎ አንድ ተራ ጠዋት፣ አባባ እንደ ልማዱ እዚያ ላይ ሲደርስ ዝም አለና፣ «ፈቃድህ» ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አለው። እማዬ መርዶ የመጣ መስሏት ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ምን ተሰማ?» አለችው።

«ምንም አልተሰማም» አላት። «ዛሬ ቻልኩ።»

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን አነሳ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የብዙ ጎረቤት ልጆች በእግራቸው ተመለሱ፤ ታደሰ አልመጣም፣ መርዶውም አልመጣም። አባባ እስኪሞት ድረስ ያቺን ቃል ዳግመኛ አልዘለላትም። ተስፋ ቆርጦ ነበር ወይስ ልጁን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥቶ? ሳልጠይቀው አለፈ፤ እኔም ዛሬም አላውቅም። ያንኑ ጸሎት አሁን ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ እለዋለሁ፤ አንድም ቦታ ሳያደናቅፈኝ «አሜን» ላይ እደርሳለሁ። ልጆቼ ከኋላዬ አይቆሙም፤ ቢቆሙም ግራ የሚያጋባቸው ነገር አይሰሙም።