አቤት የሚል ፕሮግራም

ምንይሉ ሞላሌ ላይ ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር የኮምፒውተር መምህር ነው። የዝናብ መዝገብ የሚያሰላ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጻፈ፤ ቢንቀረፈፍበት ከባዱን ክፍል በሲ ቋንቋ ጽፎ ኮምፓይል አደረገው፤ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ ቀየረው። ፈጠነ፤ ግን ደንቆሮ ሆነ። የማቋረጫውን ቁልፍ፣ ኮንትሮል ሲን፣ ቢደጋግመውም ሳይጨርስ አይሰማም። ተናዶ ቁልፉ እንደተነካ እንዲቋረጥ ቢያደርገው፣ ውጤቱ የሚጻፍበት ፋይል መሃል ላይ ተበላሸ።

መላውን ያገኘው ከአባቱ ነው። አቶ አበጀ ዘመሮ ላይ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሸምናሉ። ሲጠሯቸው «አቤት!» ይላሉ እንጂ የያዙትን ማግ ሳያሳልፉ አይነሱም። አሳልፈው ግን ይነሳሉ። ምንይሉም እንዲሁ አደረገ፦ ጥሪ ሲመጣ ፕሮግራሙ መጠራቱን ብቻ ይመዘግባል፤ የጀመረውን መስመር ጨርሶ መጠራት አለመጠራቱን ያያል፤ ተጠርቶ ከሆነ ፋይሉን ዘግቶ ይቆማል።

ሠራለት። ደስታውን የሚያካፍለው ሰው ቢፈልግ ቤቱ ጭር ብሏል። አባቱ ጋ ሊደውል ስልኩን አነሳና ትዝ አለው። የፋሲካ ሰሞን ደውለው «መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉት፣ «አቤት አባዬ፣ ይቺን ልጨርስና» ብሏቸው ነበር።

አሁን መስቀልም አልፏል።